የእምቢታው ምክንያት

ያንን ሰውዬ ይቅር አላልሁትም፤ ዛሬም አላልሁትም። አርብ ገበያ ከተማ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ ነበር። ወገዳ ከተማ ያለችው እናቴ ዓይኗ ደክሞ ብቻዋን ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ፣ እሱ የዝውውር ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። የወገዳው መሥሪያ ቤት ሊቀበለኝ ፈቅዷል፤ የቀረው የእሱ መልቀቂያ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ «አልተፈቀደም» ይላል፤ ከሥሩ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ሁልጊዜ ባዶ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ደግሞ «ምክንያቱ ሳይታወቅ በምን ላይ እንወስን?» እያለ ያሰናብተኛል።

«ለምን ጌታዬ?» ስለው፣ «ሥራሽን ሥሪ ልጄ» ይለኛል፤ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። አንጀቴ እርር ይላል።

እግዜር ሲፈርድ፣ ማመልከቻ ሁሉ በኮምፒውተር ይሁን ተባለ። ፎርሙን የሚሠራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔው፣ የአይሲቲ ባለሙያዋ! የምክንያቷን ሳጥን ሳትሞላ የማትታለፍ አደረግኋት። ስክሪኑ ላይ ብቻ ብከለክለው ዘዴ እንደማያጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናውን ፍተሻ እጁ በማይደርስበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ አኖርሁት፤ ባዶ ቦታውን አራግፎ አንድም ፊደል ካላገኘ አይመዘግብም።

ከዚያ አራተኛ ማመልከቻዬን ላክሁ።

ወዲያው አስጠራኝ። «ይሄ ነገርሽ ተበላሽቷል» አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ለካ ባዶ ቦታ የሚተወውን ቁልፍ፣ ስፔስ ባሩን፣ ደጋግሞ እየነካ ሳጥኑን የሞላ አስመስሎታል! ስክሪኑ አሳልፎለታል፤ ሰርቨሩ ግን «ምክንያት አልተሞላም» ብሎ መልሶበታል። ያውም እንደ እኔው ሦስት ጊዜ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«አልተበላሸም ጌታዬ፤ ምክንያቱን ይጻፉለት» አልሁት።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። እኔ ስወጣ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ይጽፍ ጀመር።

ቢሮዬ ገብቼ ማመልከቻዬን ከፈትሁት። «አልተፈቀደም» ከሚለው ሥር «ምክንያት የለም» ይላል። ሰርቨሩ ተቀብሎታል፤ መሞላቱን እንጂ ምን እንደተጻፈ አይመረምርማ። ወይ ጉድ! እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ የዳበሰችው እንዲያው በከንቱ ነው!

አትሜ በቀጥታ ለኮሚቴው ወሰድሁት። ሰብሳቢው እሱን አስጠርተው፣ እኔው ፊት ጮክ ብለው አነበቡለት። ላብ አጠመቀው። መልቀቂያዬን እዚያው እንዲፈርም አዘዙት።

ፈረመና ወረቀቱን ገፋልኝ። እኔም አየት አድርጌ መልሼ ገፋሁለት።

«ቀኑን አልሞሉም፣ ጌታዬ።»