የወንድሜ ምክቶሽ

ቀድሞ የመጣው ድምፁ ነው፤ ደረቅ እንጨት ከደረቅ እንጨት ሲላተም የሚሰማው ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ። ኮሮና የገባበት ዓመት ጸደይ ነበር፤ ኦሃዮ ውስጥ፣ እኔ በምኖርባት ሬይኖልድስበርግ ከተማ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጦ፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ እኔ ጓሮዬ የዘመመውን አጥር በገዛ እጄ እያቃናሁ ሳለ፣ ከጎረቤቴ ከዳኒሎ ጋራዥ ያ ድምፅ ወጣ፣ ተከትሎም ሁለት እንጨት በኃይል ሲፋተግ የሚያወጣው የመለብለብ ሽታ መጣ። መዶሻዬን አስቀምጬ ቆምኩ። የሸተተኝ የአባቴ ዱላ ነበር።

አባቴ ደብረ ብርሃን የአንድ እህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። ከወይራ የተቆረጠ፣ በእሳት ተለብልቦ ቅቤ የጠጣ ዱላ ነበረው፣ ጠዋት ከሥራ ሲመለስም ብርዱ አጥንቱ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ከመተኛቱ በፊት ግቢያችን መሃል ቆሞ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ዱላውን እያሽከረከረ ሰውነቱን ያሟሙቅ ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ተፈራ በበሩ ስንጥቅ ተጋፍተን እናየው ነበር። አባቴ ዱላ ለማንም አላስተማረም፤ «ዱላ የተማረ ልጅ ጠብ ሲፈልግ ይውላል» ይል ነበር። እኔ ግን በዓይኔ ሰርቄ ወሰድኩት። ሁሉን ነገር የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ፊደልን በሌላ ልጅ ትከሻ ላይ አጮልቄ፣ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ለቅሜ፣ የዚህን ቤት ጣሪያና ቧንቧም ማንም ሳያሳየኝ ጠግኜ። ለጉራ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ይመስክር።

ክረምት ሲገባ ከቤት መውጫ ስለማይኖር፣ እናታችን ገበያ እስክትሄድ ጠብቀን፣ በመደቡና በምሰሶው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ የባሕር ዛፍ በትር ይዘን ምክቶሽ እንጫወት ነበር። አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሚሰነዝረው ከመምታቱ በፊት «መክት» ብሎ መናገር አለበት፤ ሳይናገር የመታ ሌባ ነው። እጅ አይመታም፤ እጅ መምታት ነውር ነው። የሚመክተው ደግሞ ዓይኑን አይጨፍንም፤ ዱላው በዱላው ላይ ቢቆምለት እንኳ ዓይኑን ከጨፈነ ዕድል አወጣው እንጂ አልመከተም። ተፈራ መጀመሪያ ላይ ይጨፍን ነበር፣ ስለዚህ አንዱን ዓይኑን በጣቴ ገልጬ ይዤ በሌላው እጄ ቀስ እያልኩ እየሰነዘርኩ አስለመድኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ «መክት» ማለቴ ስለማይሰማው፣ ከንፈሬን እያየ ይመክት ነበር።

መስከረም ላይ ጭቃው ደርቆ ወደ ሜዳ ስንወጣ፣ ተፈራን አልፎ የሚገባ ዱላ ጠፋ። በገና ሰሞን በቁመት የሚበልጡትን የሰፈር ልጆች ሁሉ ቆሞ ይመክታቸው ነበር፤ መሰንዘር አይወድም፣ መመከት ብቻ፣ እነሱ እጃቸው ዝሎ «በቃን» እስኪሉ ድረስ።

«ወንድምህ ግድግዳ ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

«ግድግዳውን ያቆምኩት እኔ ነኝ» እላቸው ነበር።

አባቴ ወሬው ደርሶት አንድ ጠዋት ተፈራን ጠራው፣ ዛሬ አለቀልን ብለን ስንጠብቅ በትሩን ተቀብሎ በመዳፉ መዝኖ መለሰለትና፣ «እናትህ ተፈራ ያለችህ አውቃ ነው» ብሎት ሊተኛ ገባ። ለእኔ ምንም አላለኝም። ግድ የለም፤ ያንን ክንድ ማን እንደ ሠራው እኔ አውቃለሁ።

ዳኒሎ ጋራዥ ደጃፍ ማስኬን አጥብቄ የሄድኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ዳኒሎ ፊሊፒናዊ ነው፣ ዕድሜው ከእኔ ትንሽ ያንሳል፣ አርኒስ የሚባለውን የአገሩን የዱላ ውጊያ ከአጎቱ ተምሮ ለልጆቹና ለጥቂት ጓደኞቹ ያስተምር ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ብቻውን አሮጌ ጎማ ሰቅሎ ይመታ ነበር። ዱላቸው ከእኛው ያጥራል፣ ራታን ከሚሉት ቀላል እንጨት የተቆረጠ ነው፣ አንዳንዴም በሁለቱም እጅ አንድ አንድ ይዘው፣ ሰሌን እንደሚሠራ ሰው አንዱን በአንዱ ላይ እያሳለፉ ይሸምኑታል። «ኩያ» ይለኛል፤ በእነሱ አገር ጋሼ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ያሳየኝ ግን እጅ መምታት ነበር።

«የእባቡን ጥርስ ካወለቅህ፣ እባቡ ገመድ ነው» አለኝ።

«እኛ አገር እጅ የሚመታ ሰው ሠርግ አይጠራም» አልኩት።

«እኛ አገር እጅ የማይመታ ሰው ለሠርጉም አይደርስም» ብሎ ሳቀብኝ።

በጋውን ሙሉ በሩን ከፍተን፣ ተራርቀን ቆመን ሠራን። እሱ የምት አቅጣጫዎቹን በቁጥር እየጠራ ሲሰነዝር እኔ በእናቴ ቤት ሕግ መከትኩት፣ በስተርጅና ትንፋሼ ቢያጥርም ዓይኔ አልተጨፈነም፣ እሱም ዱላውን ዝቅ አድርጎ ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቀኝ «ማንም» አልኩት።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ተፈራን ስትሮክ መታው። እሱን «መክት» ያለው የለም። እሱም እንደ እኔ አሜሪካ ገብቶ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ብዙ በማይርቀው ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ከልጁ ከሰናይት ጋር ነበር የሚኖረው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ወድቆ ቀረ፣ ንግግሩ ጥቂት ቃላት ላይ ቆመ፣ ቆየት ብሎም ሰው መለየት እያቃተው ሄደ። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ እንዳናደርግ ነገሩን። እኔ ግን ሰናይትን ኮል አድርጌ፣ «ወደ እኔ አምጪው፤ ያንን ክንድ ከባዶ የሠራሁት ሰው፣ የወደቀውን ማንሳት አያቅተኝም» አልኳት። ዌርሃውስ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ሺፍት ስትገባ የሚጠብቅላት የለም፣ ከእኔ በቀር «ይነሳል» ያላትም ሰው አልነበረም፤ አመጣችው፣ እሷም አብራው እኔ ቤት ገባች።

በረዶው እስኪቀልጥ ሳሎን ውስጥ፣ ሲሞቅም ዳኒሎ ጋራዥ ወንበር ላይ አስቀምጬው፣ ራታኑን ቀኝ መዳፉ ውስጥ በጨርቅ እያሰርኩ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ «መክት» እያልኩ ቀስ ብዬ እሰነዝር ነበር። ዱላዬን ከፊቱ ርቆ እንዲቆም አድርጌ ነበር የምሰነዝረው፤ አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም። ዳኒሎ አንዳንዴ ያየንና ጎማውን መምታቱን ያቆም ነበር። የኦሃዮ ሙቀት መጥቶ ሄደ፣ ክንዱ አልተነሳም። ከዚያ መኸር ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዱላዬን ሳነሳ፣ ያ ክንድ ተንቀጥቅጦ ከጭኑ ተነሳ፣ እስከ ደረቱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ አገጩ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገርኩ። ቤተ ክርስቲያን ለማያውቁኝ ሰዎች ጭምር ነገርኩ።

ሰናይት ኦፍ በሆነችበት ቀን እንድታይ ጠራኋት። ዳኒሎም ነበር። ተፈራን አስቀምጬ፣ ዱላውን አስጨብጬ፣ «መክት» ብዬ ሰነዘርኩ፣ ክንዱም ከፍ ብሎ ፊቱ ጋ ደረሰ።

«አየሽ? ነርሶቹ ያቃታቸውን እኔ አነሳሁት» አልኳት።

እሷ ግን እየተደሰተች አልነበረም። «ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙት» አለችኝ፣ ስደግመውም፣ «ክንዱን ይተዉት፣ ዓይኑን ይዩት» አለችኝ።

አየሁት። ጥርቅም አድርጎ ጨፍኖታል። ክንዱ ዱላዬ ወደሚመጣበት አልዞረም፤ ፊቱ ላይ ተጣብቋል።

«ይለምዳል» አልኳት። «ሲጀምርም እንዲህ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተውኩት።»

«ጋሼ፣ እየመከተ አይደለም፣ እየተከለለ ነው። አይቆጡኝ እንጂ፣ ማታ ሳስተኛው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ያ ሰውዬ ሄደ?› ነው የሚለኝ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«እርስዎ» አለችኝ።

ዳኒሎ አማርኛ አይችልም፣ ግን መጥቶ ዱላውን ከእጄ ወሰደና፣ የተፈራንም ጨርቅ ፈትቶ፣ ሁለቱን ግድግዳው ላይ ካሉት ጋር አቆማቸው። «ኩያ፣ በቃ» አለኝ። የዱላዎቹ ባለቤት እሱ ነው፤ አልተከራከርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ክረምት አልፎ ሌላ ጸደይ ገባ። ክንዱ ተመልሶ ጭኑ ላይ ወደቀ፣ የሚያነሳው ነገር ስለሌለ አይነሳም። ሐኪም ሲመጣ ክንዱ ተነስቶ እንደነበር እናገራለሁ፣ ሐኪሙም ይጽፋል፣ ሰናይት ግን መስኮት መስኮቱን ታያለች። አንዳንዴ እኔን ቀና ብሎ ሲያየኝ ሊያውቀኝ ነው ብዬ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ከዚያ ዓይኑ አልፎኝ ይሄዳል። በዚህ ቤት ውስጥ እጄን ያሸነፈ ነገር አልነበረም፣ ጣሪያውም፣ ቧንቧውም፣ አጥሩም።

በልጅነታችን የምንተኛው አንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ነበር፣ ብርድ ሲሆን የቀዘቀዘ እግሩን እግሮቼ መካከል እየወሸቀ ያስጮኸኝ ነበር፣ ቦታ ልቀቅልኝ ብዬ ብለምነውም ብገፋውም ተነስቶልኝ አያውቅም። አሁን ጠዋት ጠዋት ባዶ እጄን ወደ ክፍሉ ስገባ፣ በግራ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ፣ እንግዳ ሽማግሌ እንደ ገባበት ሰው ከወገቡ ከፍ ለማለት ይሞክርና «ኖር» ይለኛል።

«በእግዜር» እለውና፣ ሳልጠጋው፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።