መኪና ልገዛ ሽማግሌ ላክሁ

ቅዳሜ ጠዋት ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የተነሣሁት መኪና ልገዛ ነው። መኪና ለመግዛት ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔን እዩኝ። መኪናዋ የእንግሊዝ ስሪት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ አሮጌ ስፖርት መኪና ናት። ሥራዬ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት ማመላለስ ነው። ለሰው ስነዳ ኖሬ ለራሴ ደስታ የምነዳት አንዲት መኪና ብመኝ ማን ይፈርድብኛል?

ችግሩ ባለቤቷ ነበሩ። ሚስተር ዋልተር የተባሉ አዛውንት ናቸው፤ መኪናዋ የሟች ሚስታቸው ነበረች። ከዚህ በፊት ሄጄ ያሉትን ዋጋ ሳልከራከር ብቀበልም "ላስብበት" ብለው መለሱኝ። ሌሎች ገዢዎችንም እንዲሁ። ይህን ስንት ጥንዶች ላጋቡት ለቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ ለጋሽ ተፈራ ባጫውታቸው ተቆጡኝ።

"ልጁን ለመስጠት የሚያመነታ አባት ዘንድ ብቻሽን ትሄጃለሽ እንዴ?"

ፍሩትቬል ጣቢያ

ጋሽ ተፈራ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ጠበቁኝ። ጾም ስለነበር አይብ የሌለው የባቄላ ቡሪቶ፣ በቂጣ የተጠቀለለ፣ ገዛሁላቸውና ባቡሩ ውስጥ መብላት ስለማይፈቀድ እዚያው ቆመን በላን። በባቡር የሄድነው በመኪናዋ ልንመለስ ነው፤ መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ስለሆነም የሚያደርሰን ሌላ ሰው አላስከተልንም። ካልተሳካልን ደግሞ የመመለሻው ባቡር አለ፤ መንገድ ላይ ያለችውን የፍሪሞንትን ከተማ እስክናልፍ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

ሳን ሆዜ

ሚስተር ዋልተር ሳሎን አስገብተው "ተቀመጡ" አሉን። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሀል ላይ ቆሙ። እኔም ከጎናቸው ቆምኩ።

"ጉልበታቸውን ያማቸዋል?" ብለው ጠየቁኝ ባለቤቱ፤ ከፍ ያለ ወንበርም አመጡ።

"ንገሪያቸው" አሉ ጋሽ ተፈራ። "የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈቀድልን አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን በእግዚአብሔር ስም ልንለምን መጥተናል።"

አፈርኩ። "መኪናዋን" ብዬ ላለሳልሰው ነበር፤ ግን እንዳለ ተረጎምኩት። ሚስተር ዋልተር አልሳቁም። እሳቸውም ተነሥተው ቆሙ።

"ምን ልታደርጓት?" አሉ። "አንዱ ጋራዥ ቆልፎ ሊያስቀምጣት፣ ሌላው አትርፎ ሊሸጣት መጣ። ሚስቴ ዝናብም ቢሆን ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት የምትሄደው በእሷ ነበር።"

"ትነዳታለች። ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ከበደለቻት ኮል ያድርጉልኝ፤ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ።"

ስተረጉምላቸው ሚስተር ዋልተር አዩኝ። "አባትሽ ናቸው?"

"አይደሉም። ግን ቃላቸውን ባሳጥፋቸው ቤተ ክርስቲያን የምገባበት ፊት የለኝም።"

ከግድግዳው ላይ ቁልፉን አንሥተው በእኔ ሳይሆን በጋሽ ተፈራ እጅ አኖሩት። ያኔ ጋሽ ተፈራ ተቀመጡ። ያሉትን ዋጋ ስከፍል እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወደ ኦክላንድ

ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ ወንበሮቿ ቡናማ ቆዳ። በፍሪዌዩ ላይ የጭነት መኪኖቹ ጎማ ከጭንቅላታችን በላይ ይሽከረከራል። ማርሽ በለወጥኩ ቁጥር ጋሽ ተፈራ በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን፣ በሌላው በሩን ይይዛሉ። ፍሪሞንት ላይ ቤንዚን ስንቀዳ አንድ ጎልማሳ "ናይስ ካር! የማን ናት?" ቢለን፣ በእንግሊዝኛ ብዙ የማይናገሩት ጋሽ ተፈራ "አወርስ" አሉት፤ የኛ። እናቴ ኩራት ለሴት አያምርም ትል ነበር። ያን ቀን አማረብኝ።

የተማርኩት ይህን ነው፦ ሰው የሚወደውን ዕቃ አልሸጥም የሚለው ሁልጊዜ ዋጋው አንሶት አይደለም፤ ዋስ አጥቶም ነው።

ቤቴ በር ላይ እንደቆምን ጋሽ ተፈራ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ "በይ ደውዪላቸው" አሉኝ። "ልጁን የዳረ ሰው ቤቱ ጭር ይልበታል።"

ሚስተር ዋልተር ወዲያው አነሡት። ስለ መንገዱ አልጠየቁኝም።

"ሞተሩን አጥፍተሻል?"

"አዎ።"

"አስነሺና ስልኩን አስጠጊልኝ።"

አስነሣሁት። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ። ብዙ ካዳመጡ በኋላ "ይበቃል፣ አጥፊው" አሉ። "ሰኞ ሥራ ይዘሻት ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

ሰኞ ዘነበ። ይዣት ሄድኩ።