ባሕር የከበባት እብናት

ጣሊያን ደብረ ታቦር ሲገባ እኔ ለልጆች ዳዊት አስተምር ነበር። ሻለቃቸው አስጠርቶ፣ በአስተርጓሚ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጂኦግራፊ ታስተምራለህ» አለኝ። የመረጠኝ ከከተማው መምህራን መሐል ጥርሴ ያልረገፈ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይመስለኛል። ጂኦግራፊ የአገሮች ትምህርት ነው አሉኝ። እኔ ከወንዛዬ ፍል ውኃ አልፌ አላውቅም፤ እዚያም የሄድኩት እከክ ይዞኝ ነው።

የሰጡን የጣሊያን ካርታ፣ ወረቀትና እርሳስ ነበር። አገሩ የእግር ቅርጽ ስላለው፣ ካርታውን ያየ ልጅ ሁሉ «የኔታ፣ ሁለተኛው እግሩስ?» ይለኛል። «ያላያችሁትን አገር በልባችሁ እያሰባችሁ ሳሉ፤ ከሥሩም ጻፉበት» አልኳቸው።

የነጋዴው ልጅ፣ «የሮም ገበያ ቅዳሜ ይቆማል። በርበሬ ስለማያገኙ ፊታቸው ነጭ ነው» ብሎ ጻፈ። የቄሱ ልጅ ደግሞ፣ «ባሕር ማለት ወንዛዬ ነው፤ ቀዝቅዞ፣ ሰፍቶ፣ ጨው የተጨመረበት» አለች።

አንድ ቀን ሻለቃው መጥቶ ሥዕሎቹን አገላበጠ። አንዱ ልጅ የአክስቱን ቤት ሲስል መንገዱን ከሾላው እስከ ምንጩ አንድ በአንድ አስፍሮታል። ሻለቃው እሱ ላይ ቆመ።

«እንግዲያው ወደ እብናት የሚወስደውን መንገድ ይሳሉ። ምንጩን፣ ዋሻውን፣ ሰው የሚያድርበትን ሁሉ። ሰኞ እወስደዋለሁ።»

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረኝ አቀረቀረ። በእብናት በኩል አርበኞች ነበሩ። የብዙዎቹ ልጆች አባት እዚያ ነው፤ ስንቅ የሚያደርሱትም እናቶቻቸው ናቸው።

ሻለቃው እንደወጣ የቄሱ ልጅ፣ «የኔታ፣ የእውነቱን ነው የምንስለው?» አለችኝ።

«እስከ ዛሬ ምን ስትስሉ ነበር?»

«ያላየነውን።»

«እንግዲያው እብናትን አይታችኋት አታውቁም።»

«አይተናታል እኮ!» አለ የነጋዴው ልጅ። በክርኗ ጎሰመችውና ገባው።

ሰኞ ሻለቃው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። በአንዱ እብናት ባሕር የከበባት ደሴት ናት፤ የሚኬደው በታንኳ ነው። በሌላው መንገዱ በዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ ነቢዩ ዮናስ በር ላይ ቆሞ መንገደኛ ያስተናግዳል። የነጋዴው ልጅ እብናትን ከሮም አጠገብ አኑሯታል፤ ዋሻ በተባለው ቦታ ሁሉ አንበሳ ተኝቶበታል።

ሻለቃው ቀላ። «እነዚህ ልጆች የገዛ አገራቸውን አያውቁም!»

«አያውቁም፣ ጌታዬ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ብዙ ጮኸ። አስተርጓሚው ሁሉንም አሳጥሮ፣ «ደንቆሮ መምህር ነህ፣ ውጣ ብለዋል» አለኝ። ቀጥሎ በገዛ አፉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቶሎ ይሂዱ የኔታ፣ ሳይነቃብን» አለ።

ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ወደ ዳዊቴ ተመለስኩ፤ ልጆቹም ተከትለውኝ መጡ። ዳዊታቸውን ሲጨርሱ መሬቱን በእንጨት እየጫሩ አገር መሳል ልማዳቸው ሆነ። አንድ ከሰዓት የቄሱ ልጅ ግቢውን ሙሉ ቻይናን ስላ ነበር፤ አባቷ ሊጠሯት መጥተው መሐሉን ረገጡት።

«አባ! ባሕር ውስጥ ገቡ እኮ!» ብላ ጮኸች።

ቄሱ ደንግጠው እግራቸውን አነሡ፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ደረቁ ዘለሉ።