ሀሰና ያልመረጠችው ጨዋታ

ሀሰና የከሚሴ ልጅ ናት፤ ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ምግብ አብስላለች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ የማይምር ሴት። እኔ የምሥራች እባላለሁ፣ ክሊኒክ አጸዳለሁ። ኑዝላ ሰፈር በተከራየነው ሳሎን የሴቶች ማኅበራችን አርብ አርብ ሲሰበሰብ ጨዋታውን የምትከፍተው ሀሰና ነበረች። «ነበረች» ስል አሁንም ያንገበግበኛል።

ሌላው ሰው የስብሰባ ማሟሟቂያ ጨዋታ ከኢንተርኔት ይቀዳል። ሀሰና ግን በር ላይ ቆማ የሚገቡትን ታያለች። ቦርሳዋን ጥላ ፍራሹ ላይ ዘና የምትለው የመኖሪያ ወረቀት ያላት ናት፤ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ሥር የምትቀመጠው ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች ናት። ስለዚህ ስም አትጠይቅም፣ ሰፈር አትጠይቅም። «ማዳምሽ ቤት መጀመሪያ ያሳረርሽው ምንድን ነው?» ትላለች፣ በቃ። ሩዝ ያላሳረረች ስለሌለች ሁሉም ያወራል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል።

የአንድ ሳምንት ቁም ነገራችን ግን ከባድ ነበር። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ሴት እንዴት በሰላም አገሯ እንደምትገባ እንዲያስረዳን በላይ የሚባል ጉዳይ አዋቂ ጋብዘናል። ሀሰና ዙበይዳን እንድትመጣ ሦስት ሳምንት ለመነቻት። ዙበይዳ ሰቢል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከስድስት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ተደብቃ የምትኖር ልጅ ናት፤ እናቷ ደሴ ታመው ተኝተዋል፤ ሳይሞቱ ልትደርስላቸው ትፈልጋለች። ሰው ፊት መቅረብ ግን ፈርታለች። «ወላሂ ማንም ምንም አይጠይቅሽም» ብላ ሀሰና ማለችላት።

በዚያው ሳምንት ሀሰናን ማዳሟ ለዑምራ መካ ይዛት ሄደች። መክፈቻውን ለአሚራ ሰጠነው። አሚራ ጅዳ ተወልዳ ያደገች፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ደግ ልጅ ናት። ሦስት ጨዋታ በዋትሳፕ ላከችልን፣ ድምፅ ሰጠን። የመረጥነው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዷ ኢቃማዋን ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች፤ አሚራ አንድ በአንድ እያወጣች ፎቶውን ታሳያለች፤ የማን እንደሆነ እንገምታለን። የኢቃማውን ፎቶ ሁላችንም ደንግጠን ነው የተነሳነው፣ ያስቃል አልን። ወረቀት ለሌላቸው በጠራነው ስብሰባ ላይ! ሀሰና ምርጫችንን አይታ ከመካ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከች። ረዘመብን፤ ማንም አላዳመጠውም። ያንን ጨዋታ ከመረጡት አንዷ እኔ ነኝ።

አርብ ሀሰና መልእክቷን የሰማነው መስሏት ከመካ በቀጥታ መጥታ ዙበይዳ አጠገብ ገና መቀመጧ ነበር። ቅርጫቱ መዞር ሲጀምር አንዷ «ማዳም እየደወለች ነው» ብላ ወጣች። ሌላዋ መታጠቢያ ቤት ብላ በዚያው ቀረች። አሥር ያህል ሴቶች እንዲህ ሹልክ ሲሉ አላስተዋልንም። ቅርጫቱ ዙበይዳ ጋ ደረሰ።

«ቤት ረሳሁት» አለች።

አሚራ ሳቀች። «ያ ሀቢብቲ፣ ያለ ኢቃማ ጅዳ ላይ ትዞሪያለሽ? ሹርጣ መንገድ ላይ አስቁሞ ቢይዝሽስ?»

ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አልደብቅም። ዙበይዳ ዓባያዋን ሰብስባ ወጣች። ሀሰና ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለቻት፤ መንገድ ላይ ግን አጣቻት።

ስትመለስ በላይ ማስረዳት ጀምሯል። በደንብ ነበር የሚያስረዳው፤ ያ ነው የሚያናድደው። የት እንደሚኬድ፣ ምን ወረቀት እንደሚያዝ፣ አንድም አልቀረው።

«ወንድሜ በላይ፣ ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትናገረው?» አለች ሀሰና ከበሩ ሳትርቅ። «እዚህ የቀረነው ሁላችንም ኢቃማ አለን።»

አሚራ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እት ሀሰና፣ ላስቃቸው ብዬ ነው። ወላሂ አላሰብኩትም።»

«አስቀሻል። የሳቅነው ግን በፈለግን ቀን አገራችን የምንገባው ነን። ኸላስ፣ በቃ፣ እኔን ከዚህ በኋላ አትጥሩኝ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አሚራ ላይ መጮህ ለእኛ ቀላል ነበር፤ ሀሰና ስትሄድ ጮህንባትም። ልጅቱ ግን ከሦስቱ አንዱን ምረጡ ብላን ነበር፣ መርጠን የላክንላት እኛ ነን። ወረቀቱን ለማደስ ስንት ዓመት የተንቀጠቀጥን ሴቶች፣ ኪሳችን ሲገባ የሌለውን ሰው ረሳን። ይህን ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የዙበይዳ እናት ማረፋቸውን ከደሴ ሰማን። ስልኳ ዝግ ነው። የሰቢሉን ክፍል በዚያው አርብ ማታ ለቅቃ ሄዳለች፤ አብረዋት የነበሩትም የት እንደገባች አያውቁም። አርብ አርብ መርዶውን ይዛ ሰቢልን በር ለበር የምትዞረው ሀሰና ናት።