የእኔ አንጓ በእሷ ሰሌዳ ላይ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል ያገሬ ሰው። ያስተማርኋትን ልጅ ፈጣሪ ምቀኛ አላሳጣትም፤ ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ነው።

ሁለታችንም ባሕር ዳር ፊዚክስ እናስተምራለን። የምንለፋበትም ነገር አንድ ነበር፦ ኤምአርአይ በሚባለው የውስጥ አካል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ ከታማሚው አካል ሥር የሚነጠፍ ሜታሰርፌስ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የመዳብ ሽቦ በልክ በልክ የተደረደረበት ስስ ሰሌዳ ነው። ከሰውነት የሚመጣውን ደካማ የራዲዮ ምልክት ያጎላዋል፤ ምስሉም ይጠራል። እንደኛ አቅመ ደካማ ማሽን ላለው አገር ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለዓመታት በኮምፒውተር ሳሰላው ኖርሁ። እሷ በአንድ ክረምት ሽቦ ገዝታ ሠራችው።

አባቷ ሐይቁ ዳር ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሽቦ ስትደረድር አየኋት፤ ጣቶቿ የአባቷ ናቸው። እኔ ከደብተራው አባቴ የወረስሁት ድምፅና ኩራት ብቻ ነው። በጣቶቿም ቀናሁ።

አንድ የምርመራ ማእከል ማሽኑን ለሙከራ ሲፈቅድላት መጀመሪያ ያስተኛችው ቀረሶ ዓሣ ነበር። ያለ ሰሌዳው ዓሣው ጉም ይመስላል፤ በሰሌዳው ላይ ግን አከርካሪው አንድ በአንድ ተለየ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብሁ። ቤት ገብቼ ግን ለባለቤቴ «ዓሣ እኮ ነው» አልኋት። «አንተስ ዓሣም አላሳየኸን» ብላ ወጧን ማማሰል ቀጠለች።

ቀጥሎ ሰው አስፈለገ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይሁኑልኝ» አለችኝ። ማእከሉ የፈቀደላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካልተሳካ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ያንገቴን መስቀል አውልቄ፣ የቀኝ እጄን አንጓ ሰሌዳው ላይ አድርጌ ገባሁ። «ጋሼ፣ እጅዎን እንዳያንቀሳቅሱ፤ ምስሉ ይበላሻል» አለችኝ በድምፅ ማጉያ። ለእኔ ትነግረኛለች! ያስተማርኋት እኔ!

ማሽኑ መንኳኳት ሲጀምር ሐሳቡ መጣብኝ። እጄን ትንሽ ብነቀንቀው ምስሉ ይደበዝዛል። የነቀነቅሁት እኔ እንደሆንሁ ማን ያውቃል? «ለሞተ ዓሣ እንጂ ለሰው አይሆንም» ይባላል፤ እኔም ወደ ስሌቴ እመለሳለሁ። እውነት ለመናገር ጣቴን በላኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት። ለእሷ አዝኜ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት የደከምሁበትን ነገር፣ ሌላ ሰው ሠርቶትም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ማየት ፈለግሁ።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ክር የሚያክሉት ጅማቶች ሳይቀሩ ይታያሉ። እንከን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ፤ «ደህና ነው» አልሁ።

ከሰነበተ በኋላ ሐይቁ ዳር ሻይ ስንጠጣ ለምን እኔን እንደመረጠች ጠየቅኋት። አቀረቀረች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እንደሚቀኑብኝ አውቅ ነበር። ወዳጅ ምስሉ ቢደበዝዝም ‹ግሩም ነው› ይለኛል። እርስዎ ‹ደህና ነው› ካሉ ግን በእርግጥ ደህና ነው።»

«እጄን ብነቀንቀውስ ኖሮ?»

«አይነቀንቁትም። ከእኔ ይልቅ ማየት የፈለጉት እርስዎ ነበሩ።»

ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ። አሁን ደግሞ ሰው በማወቋ ቀናሁባት።