የጋሼ ጠመኔ ጎባጣ ብረት

የባለቤቴን የሥራ ሱሪ ከማጠቤ በፊት ኪሱን መፈተሽ ልማዴ ነበር። ጠመኔ አይጠፋበትም። አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ጥፍር የምታህል ስባሪ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዱቄት ብቻ። ሳልፈትሽ የዘፈዘፍኩ ቀን የቤቱ ልብስ በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል።

"ፋብሪካው ጠመኔውን የሚገዛው ለሥራ ነው ወይስ ለኔ ልብስ?" ስለው፣

"ላንቺ ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ" ይለኛል።

በሥራ ቦታው በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ጋሼ ጠመኔ ነበር የሚሉት። ፋብሪካው ከባድ ተሽከርካሪ ይሠራል፦ ገልባጭ፣ ቦቴ፣ ተሳቢ። የሱ ድርሻ መስመር ማውጣት ነበር። ኢንጂነሯ በወረቀት የነደፈችውን መኪና እሱ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ በሙሉ ቁመቱ ይሥለዋል። ስምንት ሜትር የሚረዝም መኪና ከሆነ ሥዕሉም ስምንት ሜትር ነው። በያጆቹና ቆራጮቹ ብረታቸውን እያመጡ በመስመሩ ላይ ያስተኛሉ፣ ይበይዳሉ። ወረቀቱን የሚገልጥ የለም። "ወረቀት የቢሮ ነው፣ ወለሉ የኛ ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን መነጽሩን ረስቶ ሄዶ ላደርስለት ወደ ፋብሪካው ገባሁ። ጥቂት እንደተራመድኩ ከየአቅጣጫው ጮኹብኝ።

"እትዬ! እትዬ! ጎማው ላይ ቆመዋል!"

ዘወር ዘወር ብዬ አየሁ፤ ጎማ የለም። ወደ ታች ሳይ ለካ በጠመኔ የተሠራ አራት ማዕዘን ውስጥ ነኝ። ጎማ ከላይ ሲታይ አራት ማዕዘን እንደሚመስል የተማርኩት ያን ቀን ነው። ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ከላይ የሚታየው ብቻ ነበር፤ ከጎን የሚታይ ምንም የለም። ይህ ነገር በኋላ ጣጣ ያመጣል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

መነጽሩን የረሳው ስለማይጠቅመው እንደነበር ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ጀምሯቸው ነበር። ሜትሩን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ያነባል። ስለ ሕክምና ሳነሳበት "ሥራው ይለቅ" ይለኛል። ሥራው ደግሞ አያልቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሎቤድ አዘዘ። ሎቤድ ቡልዶዘር ተጭኖበት የሚሄድ፣ ወለሉ ወደ መሬት የቀረበ ረጅም ተሳቢ ነው። ፋብሪካው ያን ያህል ርዝመትና ያን ያህል ሸክም ሠርቶ አያውቅም። ውሉ አንዱ ተሠርቶ፣ ቡልዶዘር ተጭኖበት ተሞክሮ ካለፈ፣ ሌሎች አሥራ አንድ ይከተላሉ የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ባለቤቴን ቢሮው ጠራው።

"ጋሼ፣ ዓይንዎን እያየሁ ነው" አለው። "ይህ ሎቤድ ሙከራውን ካለፈ ጠመኔው እርስዎ ጋር ይቆያል። ካላለፈ ለቀጭኔ ያስረክቡና ይረፉ።"

ቀጭኔ የበያጆቹ አለቃ ነው። ስሙን ያገኘው በቁመቱ ነው፤ በር ሲገባ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው። ባለቤቴ ራሱ ነው ሥራ ያስተማረው።

"ምን አልከው?" አልኩት ማታ እራት ላይ።

"ሲደክመኝ እነግርዎታለሁ አልኩት።" እንጀራውን ጠቀለለና "ይረፉ አለኝ እኮ! እኔ እሁድን እንኳ በግድ ነው የማልፈው" አለ።

እውነቱን ነበር። እሁድ እሁድ ያለ ጠመኔ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም።

ኢንጂነሯ፣ እንደ ልጃችን የምናያት፣ ከሥራ በኋላ እቤት እየመጣች ከሱ ጋር ትከራከር ነበር። የምግብ ጠረጴዛዬ ሎቤድ ሆነ። ማንኪያዎቼ ጎማ የሚሸከም አክስል፣ የጨው ዕቃዬ ቡልዶዘር።

"ጋሼ፣ ወለሉ ዝቅ ይበል፤ በድልድይ ሥር ማለፍ አለበት።"

"ዝቅ ካለ ጎማው ያንሳል። ትንሽ ጎማ ይህን ሁሉ አይችልም።"

"ቁጥሩን እንጨምራ።"

"ጨምረሽ ስታበቂ በኩርባ ላይ ማን ያዞርልሻል? ጎማው እየተላጠ ነው የሚዞረው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሌላ ማንኪያ አምጪ።"

እንዲህ እየተባባሉ ማንኪያ ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ወደ ኋላ ገፉ። እኔ ሾርባዬን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን በአንድ ምሽት ተስማሙ። ያን የሚያህል ቡልዶዘር ሲቀመጥበት ረጅሙ ብረት መሐሉ ላይ አራት ጣት ያህል ይረግባል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቢም የሚሏቸው ሁለቱ ዋና ብረቶች ባዶ ሳሉ መሐላቸው አራት ጣት ወደ ላይ መጉበጥ አለበት። ሸክሙ ሲያርፍ ቀጥ ይላሉ።

ባለቤቴ ነገሩን መጀመሪያ የሞከረው በኔ ማዕድ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ረጅም ጣውላ ተሸክሞ መጣ። ጣውላው እንደ ቀስት የጎበጠ ነው።

"ይህን ማን ሸጠልህ?" አልኩ። "ዓይንህን አይቶ ነው ያታለለህ!"

"መርጬ ነው ያመጣሁት። ሻጩም እንዳንቺ ስቆብኛል።"

ጉብታውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ ግድግዳው ላይ ደግፎ መደርደሪያ አደረገው። አፍሬ ነበር። ከዚያ ድስቶቼን፣ የዱቄት ቆርቆሮዬንና መውቀጫዬን አንድ በአንድ ደረደረ። መውቀጫው ሲያርፍ ጣውላው እንደ ወለል ቀጥ አለ።

"አየሽ?" አለ።

"አየሁ። ግን ድስት ባነሳሁ ቁጥር ሊጎብጥ ነው?"

"ቶሎ አብስለሽ መልሺው።"

ሎቤዱ ተጀመረ። ሌሎቹ በጎማውና ከጎታች መኪናው ጋር በሚያያዘው አንገቱ ሲጠመዱ፣ ባለቤቴ ሁለቱን ብረቶች ራሱ በጋዝ እሳት አጎበጠ። ብረት በእሳት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ከሥሩ ሰባት ቦታ ቢሞቅ መሐሉ ወደ ላይ ይነሳል። አራት ጣት አደረሳቸው። ኢንጂነሯ አክስሎቹን ለመረከብ ከከተማ ወጣች። እሱም ሳልጨቀጭቀው፣ ሳላለቅስ፣ በራሱ ጊዜ "ዓይኔን ልታከም ነው" አለ። ተገርሜ ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ለምን ብረቶቹ እንደጎበጡ ግን ለሠራተኞቹ ሳይናገር ሄደ። ለሱ ግልጽ ነበር፤ የጠየቀውም የለም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአራተኛው ቀን ቀጭኔና ሬዲዮ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ሬዲዮ ቆራጩ ነው፤ አፉ ስለማይዘጋ ነው እንዲያ የተባለው። ባለቤቴ አንድ ዓይኑ ታስሮ ተኝቷል። ሲያጫውቱት ቆዩና እኔ ሻይ ላፈላ ስነሳ ሁለቱም ተከትለውኝ ማዕድ ቤት ገቡ። ሬዲዮ በሩን መለስ አደረገው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር አለ" አለ በሹክሹክታ። "ለሳቸው እንዳይነግሩብን።"

"ምንድነው?"

"ብረቶቹን አበላሽተዋቸዋል። ዓይናቸው አላየም መሰለኝ፣ ብየዳው ጎትቶት ሁለቱም ጎብጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ሳያይ እያቃናንላቸው ነው።"

"ከድሮም እኮ እናስተካክላለን" አለ ቀጭኔ ወለል ወለሉን እያየ። "ዘንድሮ መስመራቸው አንድ ጣት ሁለት ጣት ይስታል። በጫማ ጠርገን እኛ እንደገና እናሠምራለን። እሳቸው አያውቁም። እኛ እያለን አይዋረዱም፣ እትዬ።"

እነዚህ ሰዎች ዓመት ሙሉ ከኋላው እየተከተሉ ሲጠብቁት ኖረዋል። አሁን ደግሞ በፍቅር ብዛት ሊቀብሩት ነው።

"ስንቱን አቀናችሁ?" አልኩ።

"አንዱን። ሸጋ አድርገን! ሁለተኛውን ነገ ጠዋት።"

"ቀጭኔ፣ እስኪ እነዚያን ድስቶች አውርድልኝ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ቀጭኔ መሰላል አያሻውም። ድስቶቹን አወረደ፣ ቆርቆሮውን አወረደ፣ መውቀጫውን ሬዲዮ ተቀበለው። ጣውላው እንደ ድመት ጀርባ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሁለቱም አዩት። መልሼ "ጫኑት" አልኳቸው፤ ጫኑት፤ ቀጥ አለ። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

"ድስት የሚያወርደው ማነው?" አለ ባለቤቴ ከመኝታ ክፍል።

"አቧራ ልናራግፍ ነው!" አልኩ።

"በእንግዳ ታስጠርጊያለሽ?"

"ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ!"

ቀጭኔ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ ቀጥ ያለ። ሎቤዱ አንድ ትከሻው የወረደ ሰው ሆነ ማለት ነው።"

"ያቀናችሁት እናንተ፣ የምታጎብጡት እናንተ" አልኳቸው። "እሱ ተኝቶ ይዳን። አራት ጣት ነው።"

"በማን ጣት?" አለ ሬዲዮ። የቀጭኔ ጣት እንደ እርሳስ ነው፤ የሱ ደግሞ እንደ ካሮት። እጆቻቸውን አጋጠሙ፤ የአንድ ጣት ያህል ልዩነት ነበረው። በኋላ ኢንጂነሯ ጋ ደወሉ። ሳቋ ስልኩን አልፎ ለኔም ተሰማኝ።

"ወረቀቱ ላይ አለላችሁ እኮ! ከጎን በኩል የሚታየውን ገጽ ግለጡት። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።"

እነዚያ ሰዎች በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ገለጡ። ሚሊሜትሩ ተጽፎ ነበር። ያቀኑትን ብረት መልሶ ማጉበጥ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይጎድላል፣ እንደገና ያሞቁታል።

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ዓይኑ ተፈቶለት ወደ ሥራ ተመለሰ። የሆነውን ቀጭኔ ራሱ ነው የነገረኝ። ሲገባ ሰላምታ እንኳ ሳያዳርስ ብረቶቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። አንደኛውን አየ። ሁለተኛውን አየ። ቀና ብሎ ሁሉንም በአዲሱ ዓይኑ አንድ በአንድ ቃኛቸው።

"ሰባት ቦታ ነበር ያቃጠልኩት" አለ። "አሁን ሃያ ሁለት ነው። በሌለሁበት ወልዷል?"

ሬዲዮ ሊያስተባብል አፉን ከፈተ። ቀጭኔ ግን ቀደመውና ሁሉንም ተናዘዘ፤ ብረቱን፣ በጫማ የሚጠርጉትን መስመር፣ ሁሉንም።

"የጫማውን አውቃለሁ" አለ ባለቤቴ። "ያ የናንተ ኮቴ ምን ይደበቃል? አፍንጫዬ ሥር ያለውን እኮ አያለሁ። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለምን መሰላችሁ?"

ከዚያ ሲባጎ አመጣ፣ በብረቱ የታችኛው ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠረና መሐሉ ላይ ለካ። የነሱ ብረት ከሱ በጥፍር ውፍረት ይበልጥ ነበር። "ይሁን" አለ፤ ከዚያ ወለሉን ትቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሎቤዱን ከጎን እንደሚታየው፣ ጉብታውን ጨምሮ፣ በጠመኔ ሣለው። ከዚያ በኋላ በዚያ ፋብሪካ የሚሠራ መኪና ሁሉ ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጊዜ ይሣላል።

የሙከራው ዕለት ጠዋት እኔም ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም፤ መነጽር የማደርስ መስዬ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሎቤዱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ሆዱን እንደሳበ ሰው መሐሉን አንስቶ ቆሟል። ከሥሩ በሁለቱም በኩል ሲባጎ ተወጥሯል።

"ይህ ነገር ጎባጣ ነው እንዴ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ትንሽ ይታገሱ" አለ ባለቤቴ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ጠመኔውን እየፈጨው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንን ሱሪ የማጥበው እኔ ነኝ።

ቡልዶዘሩ እያጓራ በመወጣጫው ላይ ወጣ። ጎማዎቹ ተንፈስ አሉ። ብረቱ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ቀጭኔ ክንዴን ያዘኝ፣ ማን እንደሆንኩም ያየ አይመስለኝም። መሐሉ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። ቡልዶዘሩ ቦታውን ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ሲባጎውን አየ። ሦስት ጣት የሚያስገባ አልነበረም፣ ሁለትም፣ አንድም። ብረቱ ሲባጎው ላይ ተኝቷል።

ሥራ አስኪያጁ በሌላኛው ወገን ሄዶ አጎነበሰ። "ይህኛው የጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሏል። ለምን?"

"እሱ ሁለት ጊዜ ተምሯል" አለ ባለቤቴ።

ሬዲዮ ሳቁ አምልጦት ከጎማው ኋላ ተደበቀ። ሥራ አስኪያጁ ያ ቀልድ እስከ መጨረሻው የገባው አይመስለኝም። ሙከራው ግን አልፏል፤ አሥራ አንዱም ተሠሩ። ጠመኔው እሱ ዘንድ ስድስት ዓመት ቆየ። በስድስተኛው ዓመት "ደክሞኛል" ብሎ ራሱ ሄዶ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው፤ ሙሉ ጠመኔም ከኪሱ አውጥቶ ለቀጭኔ ሰጠው።

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ቀጭኔና ሬዲዮ በወር አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። እኔ አሁን የማበስለው በትንሿ ድስት ነው፤ ትልልቆቹን ለልጆቻችን ሰጥቻለሁ፣ መውቀጫውም ወደ ታች ወርዷል። ባለፈው ሲመጡ ቀጭኔ ማዕድ ቤት ገብቶ አንገቱን ቀና አድርጎ መደርደሪያውን ብዙ አየው። ጣውላው ጎብጧል፤ እንደ ድሮው ሳይሆን በመጠኑ። ጣቱን አስገብቶ ለካው።

"አንድ ጣት ተኩል" አለ። "እንጨቱ ሸክሙን ለምዶታል። ላስተካክልልዎ፣ እትዬ?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ሬዲዮ ከሳሎን ጮኸ።

"ተው! ተው! አንድ ጊዜ ያቀናነው ይበቃናል!"

ሦስታችንም ሳቅን። ቀጭኔ እጁን ከጣውላው ላይ አነሳ፤ የጣድኩት ሻይም ገንፍሎ ነበርና ላወርደው ሄድኩ።