ቁጥር ስድስት ብርጭቆ

ሁለት ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ከታ ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ታዞራለች። ቀጥላ አውራ ጣቷን በብርጭቆው አፍ ዙሪያ ታስኬዳለች፤ የሴቶች የከንፈር ቀለም የሚደበቀው እዚያ ነው። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። በሆቴሉ የብርጭቆ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድም ብርጭቆ ሰብራ አታውቅም። እጇ ግን የብርጭቆ አጣቢ እጅ አይመስልም። መዳፏ ሰፊ ነው፤ ጣቶቿም የደነደኑ ናቸው። ወጥ ቤቶቹ ስሟን ትተው "አካፋ" ይሏታል። የሚያከብሯት ደግሞ "እትዬ አካፋ"።

እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ናፕኪን እተኩስ ነበር። በመሃላችን ያለው በር ተዘግቶ ስለማያውቅ የሆነውን አይቻለሁ፤ ያላየሁትን እሷው ነግራኛለች።

ነገሩ የተጀመረው ሥራ አስኪያጁ አንድ እንግዳ ውስኪ የጋበዙ ዕለት ነው። እንግዳው ብርጭቆውን አገላብጦ አየና "ይሄ እኮ የውሃ ነው" አለ። ይህን ብሎ ያንኑ ጨለጠ፤ ሌላም አስቀድቶ ጠጣና ሄደ። ቃሉ ግን ከሥራ አስኪያጁ ሆድ አልወጣ አለ። በሳምንቱ የውስኪ ብርጭቆ መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ ሥራ አስኪያጁ፣ የባር ኃላፊው፣ የግዢ ኃላፊው፣ እና ውጭ አገር ሦስት ሳምንት ሰልጥነው የመጡት አማካሪ ነበሩ። አማካሪው ከተመለሱ ወዲህ ውሃ እንኳ ሳያሸቱ አይጠጡም። የማጠቢያ ክፍላችን ጣሪያ ሦስት ዓመት ሲያንጠባጥብ አንድ ስብሰባ አልተጠራለትም፤ ለብርጭቆው ግን በአንድ ወር አምስት ጊዜ ተሰበሰቡ።

አማካሪው የሚፈልጉት ሆዱ ክብ፣ አፉ ጠባብ የሆነውን ነው፤ ሽታው እንዳያመልጥ። አንድ ቀን አንዱን ይዘው ከባር ኃላፊው ጋር እኛ ዘንድ መጡ።

"እስኪ እጅዎን ያስገቡ፣ እትዬ።"

ሁለቱ ጣቶቿ አንጓቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"በብሩሽ አጥበዋለሁ" አለች ቀስ ብላ።

"ብሩሽ ይጭረዋል። ይሄ ቀጭን እጅ ነው የሚፈልገው።" ከዚያም እሷ እዚያ የሌለች ይመስል ወደ ባር ኃላፊው ዞረው "ይሄ ከተመረጠ እሳቸውን ልብስ ማጠቢያ እንልካቸዋለን" አሉ።

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ እንፋሎቱ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ነው የሚበርደው። እሷ ደግሞ ደረቷ ያፍናታል። በተቀጠረችበት ዓመት እዚያ ሠርታ ሁለት ጊዜ ተዝለፍልፋ ወድቃለች።

"ታዲያ አልነገርሻቸውም?" አላት ዋናው ወጥ ቤት።

"ምን እላለሁ? ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም ባይነቅዝም አንቺ ትነቅዣለሽ!"

በዚያው ሰሞን መንጋጋዋ ተነሣባት። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊዘጋው ደረሰ። የጥርስ ሐኪሙ ጥርሷን እንድትነቀል ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ሰጣት። እስከዚያው የመጋዘኗ ሴት በየጠዋቱ ቅርንፉድ ቆንጠር አድርጋ ትሰጣታለች። "ለጥርስሽ ብዬ ነው፤ የወለድኩት ልጅ ቢለምነኝም አልሰጥ" ትላለች። አካፋም ቅርንፉዱን በአንድ አሮጌ፣ አጭር፣ ወፍራም፣ አፈ ሰፊ ብርጭቆ ዘፍዝፋ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ሐሙስ ዕለት ስድስት ናሙናዎች በሣጥን መጡ። ሲፈቱ አንዱ ተሰንጥቋል። የባር ኃላፊው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ስድስት ብዬ ተናግሬያለሁ! አምስት ይዘሽ እንዳትመጪ፣ እትዬ፤ የሆነ ነገር አድርጊ!" ብሎ ሮጠ።

የመስኮቱን ብርጭቆ አነሣች። ቅርንፉዱን ደፋችው፤ አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አደረገችውና ቁጥር ስድስት ለጠፈችበት። የሰውን ብርጭቆ ሦስቴ ካላጠበች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት! በኋላ ብጠይቃት "የራሴ ነው ብዬ ነዋ፤ መንጋጋዬም እየመታ ነበር" አለችኝ።

አራቱም የኮሚቴ አባላት ውስኪውን የትኛው ብርጭቆ እንደሆነ ሳያዩ ሊቀምሱ፣ እኔ በተኮስኩት ናፕኪን ዓይናቸውን አሰሩ። እሷ እያዞረች ታቀብላለች። አማካሪው ቁጥር ሦስትን አሽትተው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ይሄ አፍንጫ ያቃጥላል። ማነው ይህን ያመጣው?"

ያ የራሳቸው አፈ ጠባብ ነበር።

ቁጥር ስድስት ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ብዙ ቆዩ። "እህ... ይሄ እንኳ ሌላ ነው። እንጨት እንጨት ይላል። የድሮ ቁምሣጥን።"

"ቁምሣጥን ብቻ አይደለም" አሉ አማካሪው፣ "ከሩቅ የሚመጣ ቅመም አለው። ውስኪው አሁን ገና ተናገረ! አፉ ጠባብ ለመሆኑ እምላለሁ።"

ስድስቱንም አንጠፍጥፎ የጠጣው የግዢ ኃላፊ "እኔን ጥርሴን የነቀለኝ ሐኪም ትዝ አለኝ" አለ።

"አንተ ዝም በል! አፍንጫ የለህም" አሉት አማካሪው።

ናፕኪኑ ሲፈታ ያ አጭር፣ ወፍራም፣ አፈ ሰፊ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አማካሪው አንሥተው አገላብጠው አዩት።

"እንዳልኩት ነው" አሉ፤ "ዋናው አፉ ሳይሆን ውፍረቱ ነው።"

ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ተፈረመ። በዚያው ቅርጽ አርባ ስምንት ብርጭቆ በአስቸኳይ ታዘዘና ቅዳሜ ገባ። የአካፋ እጅ እስከ አንጓዋ ዘው ይልበታል። በዚያ ቀን ስትስቅ አየኋት፤ በአንድ ጉንጯ ብቻ።

ሳቋ ግን እስከ እሑድ ነው። ሥራ አስኪያጁ በአዲሱ ብርጭቆ ቀድተው አሸተቱና "ቁምሣጥኑ የት ሄደ?" አሉ።

"ብርጭቆው ምንም አልሆነም" አሉ አማካሪው። "አስተጣጠቡ ነው ያበላሸው። እስከ ነገ ካልተስተካከለ አጣቢዋን ምድር ቤት አውርደን ሌላ እናመጣለን።"

የባር ኃላፊው መጥቶ ይህን ነገራት። አካፋ መስኮቱን አየች፤ እኔን አየች።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት መሄጃዋ ነበር። እሷ ግን ከመጋዘን የተሰጣትን ቅርንፉድ ለጥርሷ ሳታደርግ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረችና አርባ ስምንቱንም ብርጭቆ አንድ በአንድ ለቀለቀችበት። ከምሳ በኋላ ከላይ ድምፅ ተሰማ፤ "መጣ! ቁምሣጥኑ መጣ!" አማካሪው በጽሑፍ አመሰገኗት፤ "በተሰጣቸው ምክር አስተጣጠባቸውን ስላሻሻሉ" ይላል።

ከዚያ ወዲህ የየጠዋቱ ቅርንፉድ ለብርጭቆዎቹ ነው። ለመንጋጋዋ የሚተርፈው ዝቃጩ ነው።

"ያ ጥርስ እስካሁን አልተነቀለም?" ትላታለች የመጋዘኗ ሴት።

"ገና ነው፣ እናቴ። ትንሽ ይብረድ ብለውኝ ነው።"

"ጥርሱ የወጣ ቀን ቅርንፉዱም አበቃ። ነግሬሻለሁ!"

አካፋ ጉንጯን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ታጥባለች። የብርጭቆ ማድረቂያው መደርደሪያ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ይነቃነቅ ነበር፤ አሁን አይነቃነቅም። የቀጠሮ ካርዷን አራት ቦታ አጥፋ ከሥሩ ሸጉጣበታለች።